የ4.8 ሚሊዮን ብር ዛር

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። አራት ኪሎ የምትኖር አንዲት ወጣት 92 ገጽ ስክሪፕት ይዛለች። ታሪኩ ፒያሳ ያለ አሮጌ የእንጨት ፎቅ ቤት ከአያቷ ስለወረሰች ልጅና ከቤቱ ጋር አብሮ ስለተወረሰ ዛር ነው። ፊልሙን ለሲኒማ ቤት ሳይሆን ለስትሪሚንግ፣ ማለትም በኢንተርኔት ፊልም ለሚያሳዩ ድርጅቶች፣ ለመሸጥ አስባ በ18 ቀን ቀረጻ 4.8 ሚሊዮን ብር በጀት ሠርታለች። 1.2 ሚሊዮኑን ከቤተሰብ አግኝታለች። አንድ ባለሀብት 2.5 ሚሊዮን ሰጥቶ የፊልሙን 50 በመቶ ይፈልጋል። የጎደለውን 1.1 ሚሊዮን ደግሞ "ስትሪሚንጉ ቅድሚያ ሲከፍለን እንሞላዋለን" ብላ አስቀምጣለች። "እትዬ፣ ይበቃል ወይ? ይገዙናልስ ወይ?" ትላለች።

"እትዬ" ያልሽኝን አልፌዋለሁ፤ ከሃያ ዓመት በላይ የሰው ፊልም ሒሳብ ስይዝ የሸበትኩት በዋዛ አይደለም። መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። በዚህ ስክሪፕት 4.8 ሚሊዮን አይበቃሽም። ሊገዙሽ ይችላሉ፤ ገንዘባቸው ግን በቀረጻው ሰሞን እጅሽ አይገባም። ስለዚህ በጀትሽ ላይ "ከስትሪሚንግ" የሚለውን መስመር ዛሬውኑ ሰርዢው።

ስክሪፕቱን ያነበብኩት እርሳስ ይዤ ነው፤ የእኔ ሥራ መፍራት ሳይሆን መቁጠር ነውና። ከ92ቱ ገጽ 61ዱ ሌሊት ነው። 92 ገጽ በ18 ቀን ማለት በቀን ከ5 ገጽ በላይ ነው። ሁለት ሰው ካፌ ተቀምጦ የሚያወራበት የፍቅር ፊልም ቢሆን ያስኬዳል። አስፈሪ ፊልም ውስጥ ግን የሚቀረጸው ወሬው አይደለም፣ ዝምታው ነው። ገጽ 41 ላይ "በሩ በራሱ ተከፈተ" ብለሻል። ወረቀት ላይ ሦስት ቃል ነው። እቤቱ ውስጥ ግን አንዱ የአርት ልጅ ጓዳ ተጋድሞ በሩን በሲባጎ ይስባል፤ ሲባጎው ካሜራ ላይ ይታያል፤ ይቀየራል። ማጠፊያው ይጮኻል፣ ግን ከሚፈለግበት ቦታ ቀድሞ ይጮኻል፤ ዘይት ይቀባል፤ አሁን ደግሞ ጭራሽ ጸጥ ይላል። ከኮሪደሩ የሚመጣው ብርሃን የተዋናይቷን ጆሮ ብቻ እንዲነካ መብራቱ አራቴ ይነቀላል፣ አራቴ ይተከላል። ከዚያ ፊቷ፣ ከዚያ እጇ፣ ከዚያ ባዶው ደፍ፣ ከዚያ ከደፉ ወደ እሷ የሚያየው ነገር። ሰባት ሾት ቆጥሬያለሁ፤ ሰባቱን በአራት ሰዓት ውስጥ ከጨረሳችሁ ጎበዞች ናችሁ። ዛሩ ራሱ እኮ ርካሽ ነው፦ ነጠላ፣ አመድ፣ የዓይን ሌንስ፣ አንድ እጇ የሰላ የሜካፕ ባለሙያ። ገንዘብ የሚበላው እሱን መጠበቁ ነው።

አሁን በጀትሽን እንየው። ለክሩ፣ ማለትም ለቀረጻ ባለሙያዎቹ፣ 1.15 ሚሊዮን፣ ለካሜራ፣ ለመብራትና ለድምፅ ዕቃ ኪራይ 1.2 ሚሊዮን፣ ለትራንስፖርትና ለምግብ 450 ሺህ ይላል። ሦስቱን ደምረሽ ለ18 ስታካፍይው አንድ የቀረጻ ቀን 155 ሺህ ብር ገደማ ይበላል። ይህን ቁጥር ግድግዳሽ ላይ ለጥፊው። ስክሪፕቱ ላይ የምትጨምሪውም የምትቀንሺውም ነገር ሁሉ በእሱ ይመዘናል። እኔ ብሆን ይህን ፊልም እንዳለ ከ22 ቀን ባነሰ አልቀርጸውም። አራቱ ተጨማሪ ቀን ብቻውን 620 ሺህ ብር ነው።

ሌሊቱን በተመለከተ ደግሞ ፕሮግራምሽን ያወጣው ሰው ፒያሳ አድሮ የሚያውቅ አይመስለኝም። ከዓመታት በፊት ከጊዮርጊስ ብዙም በማይርቅ ቤት ሌሊት እንቀርጽ ነበር። ከምሽቱ 3 ሰዓት መብራት መትከል ጀመርን፤ ዋናው ትዕይንት ላይ ስንደርስ እኩለ ሌሊት አልፏል። ተዋናይቷ ራሷን ለልቅሶው ስታዘጋጅ ቆይታ፣ ልክ እንባዋ ሲመጣ ሳውንድማኑ ማዳመጫውን ከጆሮው አወለቀና ወለሉን አየ። ሁላችንም ሰማነው። ማኅሌት ተጀምሯል፤ ድምፅ ማጉያው ወደ እኛ ዞሮ ነው የተተከለው። ቀኑ 23 ነበር። ሠላሳ ሰው ሻይ እየጠጣ ነጋለት፣ አበሉም ተከፈለ። ከዚያ ወዲህ የቀረጻ ፕሮግራም የማወጣው የወሩን በዓላት ጎን ለጎን አስቀምጬ ነው። ጊዮርጊስ አካባቢ በ23፣ ሥላሴ አካባቢ በ7 ድምፅ የሚፈልግ ሌሊት አላስገባም። ወደ 11 ሰዓት ገደማ የንጋቱ አዛን አለ፤ ስለዚህ ሹክሹክታ ያለባቸውን ትዕይንቶች ከእሱ በፊት ጨርሺ፣ የእጅ፣ የጥላና የደረጃ ሾቶችን ደግሞ ለንጋቱ አቆዪ። ጄኔሬተሩ ከግቢው ውጭ የሚቆምበት ቦታና እስከዚያ የሚደርስ ገመድ በጀትሽ ላይ የለም። በጾም ወቅት ከሆነ የምትቀርጹት ምግቡም ሁለት ዓይነት ነው።

ቤቱ ሌላ ጉዳይ ነው። "ባለቤቷ እናት ተስማምተዋል" ብለሻል። በምን ላይ ተስማሙ? ቤቱስ የግላቸው ነው ወይስ የቀበሌ? የቀበሌ ቤት ከሆነ ተከራይዋ ለሌላ ሰው የማከራየት መብት የላቸውም። የሚያስፈልግሽ የወረዳው ፈቃድ ነው፣ እሱን ደግሞ ያለ ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ የድጋፍ ደብዳቤ አታገኚውም። ከወረቀቱ በላይ የምፈራልሽ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ጊዜ አንዲት እናት ቤታቸውን በሙሉ ልባቸው ሰጡን፤ ቡና ሳይቀር ያፈሉልን ነበር። በሦስተኛው ሌሊት ሳሎናቸው ውስጥ ከበሮ ተመታ፣ ዕጣን ጨሰ፣ ተዋናይቷ ማጓራት ጀመረች። እናትየዋ ከመኝታቸው በሌሊት ልብስ ወጥተው ትንሽ ቆመው አዩ። ከዚያ ገብተው የጠበል ጀሪካናቸውን ይዘው ተመለሱና ሰውንም ግድግዳውንም መብራቱንም ረጩ። "በቤቴ ዛር አትጥሩብኝ፤ ልጆች አሳድጌበታለሁ" አሉ። ሲነጋ ዕቃችንን አውጥተን ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ቤት ስንጠይቃቸው "ስለ አንድ ቤተሰብ የሚተርክ ፊልም" ብለን ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ሌላ ቤት ስንፈልግ ባከነ። አንቺ ታሪኩን ቁጭ ብለሽ ንገሪያቸው፣ ውል ጻፊ፣ ቀብድ ስጪ። ውሉ ላይ ለድጋሚ ቀረጻ ሁለት ቀን ተመልሶ የመግባት መብት ይኑርሽ።

ያም ሆኖ የመሐል አዲስ አበባ አሮጌ ቤት ላይ ብዙ አትተማመኚ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሲፈርስ ያየሽ ልጅ ስለሆንሽ አላብራራልሽም። የውስጡን ትዕይንት በሙሉ በአንድ ትንፋሽ ቅረጪ፤ የአንዱን ክፍል ስፋት፣ የግድግዳውን ቀለም፣ የመስኮቱን ከፍታ ለክተሽ ፎቶ አንሺ። የቀረ ሾት ካለ አንድ ግድግዳ በኮምፔርሳቶ ተሠርቶ ይጨረሳል።

ከሁሉ የከፋው ቀዳዳ ያለው በበጀቱ መጨረሻ ገጽ ላይ ነው። ለኤዲቲንግና ለድምፅ 250 ሺህ ብር፣ ማለትም ከጠቅላላው 5 በመቶ ገደማ መድበሻል። መጠባበቂያው 100 ሺህ፣ 2 በመቶ ነው። ሲኒማ ቤት ለሚታይ የአገር ውስጥ ፊልም ይህን የሚያደርጉ ብዙ ናቸው፤ ይጎዳሉ እንጂ አይሞቱም። ለስትሪሚንግ ግን ገዢው የሚገዛው የቀረጽሽውን ሳይሆን ያስረከብሽውን ነው። ፊልሙ ሲደርሳቸው በቴክኒክ ባለሙያ ፍሬም በፍሬም ይታያል፤ ያልሆነ ነገር ካለ ይመለሳል። ለምሳሌ ኔትፍሊክስ የንግግር ድምፅ መጠን በአማካይ ከዜሮ በታች 27 ኤልኬኤፍኤስ (የድምፅ ጉልህነት መለኪያ ነው)፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ከ2 ባልበለጠ ልዩነት እንዲሆን ይጠይቃል። ራሱ ለሚያሠራው ፊልም ደግሞ 90 በመቶው የፊልሙ ርዝመት እሱ ባጸደቃቸው 4ኬ ካሜራዎች መቀረጽ አለበት። ተሠርቶ ላለቀ ፊልም በካሜራው ላይ ይህን ያህል አይጠብቅም፤ በድምፁ ላይ ግን አይለቅሽም። አስፈሪ ፊልም ደግሞ ከግማሽ በላይ ድምፅ ነው። አሮጌው ወለል የሚያሰማው ጥርቅታ በነጻ የተሰጠሽ ሀብት ነው፤ ሳውንድማንሽ ቤቱን ባዶውን፣ ሰው ሳይኖር፣ ለሁለት ሰዓት ይቅዳው።

አንድ የማውቀውን ልንገርሽ። ሒሳቡን የያዝኩለት ፊልም ለአንድ የውጭ ድርጅት ተሽጦ ውሉ ተፈርሞ፣ ሁላችንም ክትፎ በልተን ነበር። ርክክብ ላይ ተመለሰ። ምክንያቱ ንግግሩ፣ ሙዚቃውና የእግር ኮቴው አንድ ላይ መቀላቀሉ ነው። ገዢው ወደ ሌላ ቋንቋ ሊተረጉመው ስለሚችል ንግግር የሌለበት የሙዚቃና የድምፅ ትራክ ለብቻ ይፈልጋል። የእኛ ኤዲተር ቀላቅሎ አስቀምጦ ዋናውን ፋይል ቦታ ስላጣበበት አጥፍቶታል። የእያንዳንዱን ኮቴ፣ የእያንዳንዱን ሲኒ ድምፅ እንደገና በስቱዲዮ ስንሠራ አምስት ሳምንት ፈጀ፤ ወጪው ከፕሮዲዩሰሩ ኪስ ወጣ፣ ክፍያውም በዚያው ልክ ወደ ኋላ ተገፋ። ዘግይቶ መከፈል እዚህ አገር ምን ማለት እንደሆነ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲለቀቅ አይተናል፤ 57 አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር የሚከፈለው ሲስቅ፣ ሃርድ ዲስክና ካሜራ በዶላር የሚያስመጣው የቀረጻ ዕቃ ኪራይ ቤት ዋጋውን ቀየረ። ስለዚህ ከድኅረ ቀረጻው 250 ሺህ ይልቅ 800 ሺህ ያዢ፤ ከለር (የቀለም እርማት)፣ ባለ ብዙ ቻናል የድምፅ ሚክስ፣ የተለየው ትራክና የእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ እዚያ ውስጥ ናቸው። ለውል፣ ለኢንሹራንስና ለመብት ሰነዶች 150 ሺህ ጨምሪ። መጠባበቂያ 10 በመቶ፤ በዚህ ላይ አልደራደርም።

ይህን ስነግራቸው ወጣቶች ሁሌ የሚያነሱብኝ "ፓራኖርማል አክቲቪቲ" በ15 ሺህ ዶላር ተሠርቶ ከ190 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ የሚለውን ነው። እውነት ነው፤ ዳይሬክተሩ በገዛ ቤቱ በሳምንት ገደማ ነው የቀረጸው። "ብሌር ዊች ፕሮጀክት"ም በ60 ሺህ ዶላር አካባቢ ተቀርጾ በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ 248 ሚሊዮን አምጥቷል። ግን በ60 ሺህ የተቀረጸው ሕዝብ ያየው ፊልም አይደለም። አከፋፋዩ ሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ በ1.1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከገዛው በኋላ ለድምፅ፣ ለተጨማሪ ቀረጻና ለማስታወቂያ ያፈሰሰው የቀረጻውን ወጪ ብዙ እጥፍ ነው። ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ይመለከትሻል። እነዚያ ፊልሞች የሀብታም ተረት የሆኑት በሲኒማ ትኬት ነው፤ ተመልካች በጨመረ ቁጥር ገቢው ይጨምራል። ስትሪሚንግ ግን በአብዛኛው ቁርጥ ዋጋ ይከፍላል። መቶ ሰው ቢያየውም መቶ ሚሊዮን ሰው ቢያየውም ያንቺ ቼክ ያው ነው። ርካሽ አስፈሪ ፊልም ሠርቶ ሺህ እጥፍ ማትረፍ የሚባለው ነገር በዚህ መንገድ በር የለውም። ባለሀብትሽ ይህን ካላወቀ ንገሪው፤ ኋላ ሲያውቅ ሌባ ትሆኛለሽ።

ከምሳሌዎቹ የምወድልሽ ሌላ ነው። "ሆስት" የሚባለው በ2020 እ.ኤ.አ. በኮሮና እገዳ ወቅት ተሠራ፤ ተዋንያኑ እያንዳንዳቸው በየቤታቸው፣ ዳይሬክተሩ በስክሪን እያዘዘ፣ ታሪኩም በቪዲዮ ጥሪ ላይ ስለሚጠራ መንፈስ ነው። ርዝመቱ አንድ ሰዓት አይሞላም፤ በአስፈሪ ፊልም ላይ ብቻ የሚሠራ ስትሪሚንግ ላይ ወጣ። እዚያ ርካሽነቱ ከታሪኩ ውስጥ ተወለደ እንጂ በቀረጻ ቦታ ዕቃ በመቀነስ አልመጣም።

እንግዲህ ቁጥሩን እንደገና ላስቀምጥልሽ። ከ4.8 ሚሊዮኑ የይስሙላ መጠባበቂያውን አንሺ፦ 4.7። አራት ቀን፣ ድኅረ ቀረጻውንና ሰነዱን ስትጨምሪ 6.02 ሚሊዮን። በላዩ 10 በመቶ፦ 6.62 ሚሊዮን። ይህ ነው የስክሪፕትሽ ትክክለኛ ዋጋ። እጅሽ ላይ ያለው 3.7 ነው። አንድ ነገር ደግሞ አጣሪ፦ የዕቃ ኪራይ ቤቱ የሰጠሽ የ1.2 ሚሊዮን ዋጋ ቫት ገብቶበታል? ካልገባበት 15 በመቶው 180 ሺህ ብር ነው፤ መጠባበቂያሽን በመጀመሪያው ደረሰኝ ይጨርሰዋል። እኔ ገብቶበታል ብዬ ነው የማሰላው።

አሁን መቀስ ያዢ። የመርካቶው ሩጫ ከ60 አጃቢ ጋር፣ የእንጦጦ መንገዱ የመኪና አደጋ፣ የሆስፒታሉ ኮሪደር፤ ሦስቱ አምስት የቀረጻ ቀንና ወደ 20 ገጽ ይበላሉ፣ ማንንም ግን አያስፈሩም። ዛሩ ከቤቱ ሲወጣ ይደክማል። እነሱ ሲወጡ 775 ሺህ የቀን ወጪ፣ 300 ሺህ ደግሞ የአጃቢና የሁለት ትንንሽ ሚናዎች ክፍያ ይቀንሳል፤ ወጪው ከመጠባበቂያ በፊት 4.94 ሚሊዮን ይሆናል። 72 ገጽ አነሰ ብለሽ አትስጊ፤ አስፈሪ ፊልም ከገጹ ይረዝማል፣ ዝምታው ወረቀት ላይ ስለማይቆጠር። ቀጥሎ ያንቺና የዳይሬክተሩ ክፍያ፣ ክሩ ውስጥ የተደበቀው 450 ሺህ፣ ከሽያጭ በኋላ የሚከፈል ይሁን። ሌላ ሰው ላይ ግን እንዲህ አታድርጊ፤ ላይትማን ከሽያጭ በኋላ እከፍልሃለሁ ተብሎ በሌሊት አይመጣም፣ ቢመጣም መብራቱን ልቡ የፈቀደውን ያህል ብቻ ነው የሚያበራው። ከዚያ ከኪራይ ቤቱ ጋር ተነጋገሪ፦ ከቀሩት 17 ቀናት ኪራይ ግማሹን፣ 565 ሺህ ያህሉን፣ ከሽያጭ በኋላ ሊቀበል ቢያቆይልሽ በጥሬ ገንዘብ የሚያስፈልግሽ 3.93 ሚሊዮን፣ ከመጠባበቂያው ጋር 4.32 ሚሊዮን ነው። የጎደለሽ 620 ሺህ ሆነ ማለት ነው። ይህ የሚሞላ ጉድጓድ ነው።

ይገዙሻል ወይ ለሚለው፣ በሩ ብዙ ነው፣ መግቢያው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ትልቁ ድርጅት ከመጀመሪያው ገብቶ ሲያሠራ ወጪውን ይሸፍናል፣ በላዩ የተወሰነ ትርፍ ይጨምራል፣ መብቱን ጠቅልሎ ይወስዳል። ይህ ለመጀመሪያ ፊልም ሠሪ እምብዛም አይሰጥም፤ አማዞን ፕራይም ቪዲዮ እንኳ በጥር 2024 እ.ኤ.አ. አፍሪካ ውስጥ አዲስ ፊልም ማሠራቱን አቁሟል። ሁለተኛው ያለቀ ፊልም ለተወሰነ ዓመትና ለተወሰነ አገር ማከራየት ነው፤ ያንቺ እውነተኛ ዒላማ ይህ ነው። ክፍያው ከርክክብ በኋላ፣ ብዙ ጊዜም ተከፋፍሎ ይመጣል። የእኛ ሰፈር ፍርሃት ገዢ የለውም ብለሽ ግን አታስቢ፤ ስለ ሁለት ደቡብ ሱዳናውያን ስደተኞችና ተከትሏቸው ስለመጣው መንፈስ የሚተርከውን "ሂዝ ሀውስ" ኔትፍሊክስ በ2020 እ.ኤ.አ. ገዝቶ ለዓለም አሳይቶታል። ሦስተኛው ገቢ መጋራት ነው፤ ለዳያስፖራው በክፍያ የሚያሳዩት መድረኮች አሉ፣ ዩቲዩብም ከረጃጅም ቪዲዮዎች የማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶውን ለሠሪው ይሰጣል። ዲኤስቲቪም ለአማርኛ ቻናሉ ለአቦል የአገር ውስጥ ፊልም ሲገዛ ቆይቷል። ለአንዱ ሁሉንም መብት "ለዘለዓለም፣ በመላው ዓለም" ብለሽ ከፈረምሽ የሌሎቹ በር ተዘጋ። ዓመቱንም አገሩንም ቋንቋውንም ለያይተሽ ሽጪ።

አሁን ባለሀብቱ ጋ ደረስን፤ ልቤ ያለው እዚህ ነው። "50 በመቶ" ይላል። የምኑ 50 በመቶ? ከገቢው ወይስ ከትርፉ? ማን ቀድሞ ከወሰደ በኋላ? ፊልሙ በ4 ሚሊዮን ብር ተሸጠ እንበል። ሻጭ ወኪሉ 20 በመቶ ቢወስድ 3.2 ሚሊዮን ይቀራል። ከገቢው ግማሹን የሚወስድ ከሆነ 1.6 ሚሊዮን ይደርሰዋል፤ 900 ሺህ ከሰረ ማለት ነው፣ አንቺ ደግሞ ያላዋጣሽውን ይዘሽ ሄድሽ ይልሻል። በሌላ መንገድ ደግሞ ገንዘብ ያዋጡ ሁሉ፣ እሱም ቤተሰብሽም፣ ባዋጡት መጠን ቀድመው ይውሰዱ ብትሉ ከ3.2 ሚሊዮኑ እሱ 2.16፣ ቤተሰብሽ 1.04 ሚሊዮን ያገኛሉ። ለእሱ ይህ ይሻለዋል። ለዚህ ቅድሚያ ምትክ አንቺ የኋላውን ትጠይቂያለሽ። በሙያው የተለመደው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ ያዋጡት ገንዘብ ይመለስላቸዋል፣ 20 በመቶ ጭማሪም ያገኛሉ፣ ከዚያ በላይ የመጣው ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ለገንዘብ አዋጪዎች፣ ግማሹ ለፕሮዲዩሰሩ ወገን። የእሱ 2.5 ከ3.7ቱ 67.6 በመቶ ነው፤ የትርፉ ግማሽ ሲሰላ 34 በመቶ ገደማ ይደርሰዋል። ስለዚህ ፊት ለፊቱ ተቀምጠሽ "50 አልሰጥህም" አትበዪው፤ "ቀድመህ ውሰድ፣ 34 ይድረስህ" በዪው። የዘገየው ያንቺና የኪራይ ቤቱ ገንዘብ ደግሞ ከዋናው በኋላ፣ ከ20 በመቶው በፊት ይግባ። ይህ ቦታ ካልተጻፈ ኪራይ ቤቱ ሌንሱን አይሰጥሽም።

ለ620 ሺህው ባንክ አትሂጂ አልልም፤ ሄደሽ ካርታ ያለው ቤት ሲጠይቁሽ ግን አትደንግጪ። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረትን፣ ተሰብሳቢ ሒሳብን ጨምሮ፣ ለብድር ማስያዣነት ፈቅዷል፤ የተፈረመ የሽያጭ ውል ካለሽ መከራከሪያ ነው፣ ከሌለሽ ወረቀት ነው። ስፖንሰር ከባድ ነው። የትኛውም ቡና ወይም ሳሙና ስሙ ከሰይጣን ጎን እንዲጠራ አይፈልግም፤ አንድ ነጋዴ "መንፈሱ ሲወጣ ያለው ትዕይንት ላይ ይግባልኝ" ብሎኝ ያውቃል፣ ብልህ ሰው ነበር። የውጭ ፈንድ አለ፦ የሮተርዳሙ ሁበርት ባልስ፣ የበርሊኑ ወርልድ ሲኒማ ፈንድ። ሁለተኛው የጀርመን ሸሪክ ይጠይቃል። በ2015 እ.ኤ.አ. ካን ፊልም ፌስቲቫል በይፋዊ ምርጫ የገባው የያሬድ ዘለቀ "ላምብ" እንዲህ ካሉ የአውሮፓ ሸሪኮች ጋር የተሠራ ነው። ያ መንገድ ግን በዓመታት የሚቆጠር ነው፤ አንቺ ደግሞ ቤቱ ሳይፈርስ መቅረጽ አለብሽ። ስለዚህ 620 ሺህውን ከሁለተኛ ትንሽ ባለሀብት በዚያው ቅደም ተከተል ፈልጊ፤ ያኔ የሁሉም መቶኛ እንደገና ይሰላል፣ ለባለሀብቱም ቀድመሽ ንገሪው።

ሁለት ነገር ስለ ወረቀት። አንደኛ፣ ሰዎች "በእሽሙር እንሥራ"፣ ማለትም ሳንመዘገብ በውል ብቻ እንሻረክ፣ ይሉሻል። የእሽሙር ማኅበር የሕግ ሰውነት የለውም፣ አይመዘገብም፤ የውጭ ገዢ ደግሞ መብቱን ከማን እንደገዛ በስም ማወቅ ይፈልጋል። በንግድ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። የፊልሙ መብት እዚያ ይረፍ፤ ጸሐፊው፣ ተዋንያኑ፣ ሙዚቀኛው፣ ሌላው ቀርቶ ፖስተሩን የሣለው ልጅ ለዚያ ማኅበር በጽሑፍ ያስተላልፉ። ሁለተኛ፣ ገጽ 34 ላይ አሮጌው ራዲዮ በራሱ ተከፍቶ የሚያሰማው የድሮ ዘፈን። የግጥምና የዜማው መብት አንድ ነው፣ የቅጂው መብት ሌላ ነው፤ ሁለቱንም በጽሑፍ ካልያዝሽ ገዢው ያንን ትዕይንት ቁረጪ ይልሻል። በትዝታ ቅኝት አዲስ ነገር አስዘፍኚ፤ በአንድ ክራርና በአንዲት አሮጊት ድምፅ። በስልክ ቅረጪው፣ ራዲዮ ውስጥ እንዳለ ይሰነጣጠቃል። እንዲያውም ማንም የማያውቀው ዘፈን ከሆነ ይበልጥ ያስፈራል።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ነኝ። የኪራይ ቤቱን ፕሮፎርማና የባለሀብቱን ረቂቅ ውል ይዘሽ ነይ፤ እስከዚያ ምንም አትፈርሚ። ሐሙስ እንዳትዪኝ፤ ሐሙስ 23 ነው፣ ጊዮርጊስ መኪና ማቆሚያ አይገኝም።